የተሸነፈ ይውጣ!

በእኛ አገር ሕግ ሲጣስ እንጂ ሲከበር ማየት ብርቅ ነው እየተባለ ይታማል። እኔ ግን ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ሳይወጣ፣ ፖሊስም ዳኛም ሳይቆምለት፣ ከዳር እስከ ዳር የሚከበር አንድ ሕግ አውቃለሁ። የመንገድ ዳር የፒንግ ፖንግ ሕግ ነው፤ «የተሸነፈ ይውጣ!»

አዲስ አበባ የፈለጋችሁት ሰፈር ሂዱ፣ ባሕር ዳር ሂዱ፣ ደብረ ማርቆስ ሂዱ፣ ከደብረ ማርቆስም ወደ አባይ በረሃ አቅጣጫ ወረድ ብላችሁ ይጁቤ ግቡ… ሕጉ ያው ነው። ሁለት ልጆች ይጫወታሉ፣ ስምንት አስር ልጆች ቆመው ይጠብቃሉ። ያሸነፈው ጠረጴዛው ላይ ይነግሣል። የተሸነፈው ራኬቱን አስረክቦ የወረፋው ጭራ ላይ ይቆማል። ብዙ ቦታ ደግሞ የጠረጴዛውን ሒሳብ የሚከፍለው እሱ ነው። ተሸንፎ፣ ተስቆበት፣ ከፍሎ ይወጣል ማለት ነው። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል የሚባለው ይሄኔ ነው እንግዲህ።

እስቲ ነገሩን በቁጥር እንየው። ጠረጴዛዋን አስር ልጆች ከበዋታል እንበል። አንዱ ጎበዝ ነው፤ የሚረታው የለም። አንድ ጨዋታ አምስት ደቂቃ ቢፈጅ በሁለት ሰዓት ውስጥ 24 ጨዋታ ይኖራል። ጎበዙ ልጅ 24ቱንም ይጫወታል። የቀሩት ዘጠኙ 24ቱን ለዘጠኝ ይካፈሏታል፤ ለእያንዳንዱ ሁለት ወይ ሦስት ጨዋታ፣ በደቂቃ ብንቆጥረው 13 ደቂቃ ገደማ ይደርሰዋል። አንዱ 120 ደቂቃ፣ ሌላው 13 ደቂቃ! ይሄ በየቀኑ እየተደገመ ወር ይሞላል። ከዚያ እኛ እናልፍና ቆም ብለን እናያለን፤ ጎበዙን «ይሄ ልጅ እኮ ተሰጥኦ አለው»፣ ሌላውን ደግሞ «ይሄ አልተፈጠረለትም» እንላለን። ተሰጥኦ ያልነው የወረፋ ጉዳይ መሆኑን ማን ልብ ይላል?

ይሄን ሁሉ እንዳሰላ ያደረገኝ ይጁቤ የሚኖር የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ነው። የስፖርት አስተማሪ ነው። ለማታውቋት፣ ይጁቤ በምሥራቅ ጎጃም የባሶ ሊበን ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ዛሬ ስሟ ብዙም አይነሳ እንጂ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የባሶ ገበያ ማለት የታወቀ ገበያ ነበር። ከአባይ ማዶ የመጣው ነጋዴ ከሰሜኑ ነጋዴ ጋር የሚገናኘው እዚያ ነበር። ቡናው፣ ወርቁ፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ምን ይደረግ፣ ሰውም ሳይቀር የተሸጠበት ገበያ ነው። አሁን ግን ይጁቤ እንደ ብዙዎቹ ትንንሽ ከተሞቻችን ናት። ወጣቱ ከትምህርት መልስ የሚውልበት ቦታ አስሱ ብትባሉ ጣታችሁን ቆጥራችሁ ሳትጨርሱ ታልቅባችኋለች።

ነገሩ የሆነው ክልሉ ሰላም በነበረበት ጊዜ ነው። ጓደኛዬ ለአናጢ ነግሮ ከችፑድ ጠረጴዛ አሠራ። በመለኪያው 2 ሜትር ከ74 በ1 ሜትር ከ52 ተኩል፣ ከፍታው 76 ሳንቲ ሜትር። ልኩ ልክ ነው፤ ችግሩ ንጥረቱ ላይ ነው። በደንቡ መሠረት ኳሷ ከ30 ሳንቲ ሜትር ስትለቀቅ ወደ 23 ሳንቲ ሜትር መንጠር አለባት። የእሱ ጠረጴዛ ግን አንድ ቦታ ላይ ታነጥራለች፣ ሌላ ቦታ ላይ ኳሷ ቂጣ ምጣድ ላይ የወደቀች ይመስል ቁጭ ትላለች። መረቡ ጣውላ ነው። ራኬቱ አራት፣ ኳሱ በጣት የሚቆጠር። ይሄን ነው «ክለብ» ያለው። እኔ በበኩሌ አልሳቅኩበትም፤ ማኅተምና ደብዳቤ ኖሯቸው ኳስ የሌላቸው ክለቦች ስለማውቅ።

አንድ ቀን ደወለልኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ጋዜጣ ላይ ስለማታውቀው ሁሉ ትጽፍ የለም? እስቲ አንድ ነገር ንገረኝ። ልጆቹ እንደ ንብ ግር ብለው ይመጡና በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደ ጉም ይበናሉ። ምን ባደርግ ነው የሚነቃቁት?»

መቼም ምክር በነጻ የሚገኝበት አገር ነውና ያገኘሁትን ሁሉ ጠየቅሁለት።

አንዱ ወዳጄ «ሽልማት!» አለ። «ቱታ፣ ዋንጫ፣ ሜዳሊያ ያዘጋጅላቸው። ሰው ያለ ጥቅም አይንቀሳቀስም። አንተ ራስህ አበል የሌለው ስብሰባ ትሄዳለህ?» እሱ እንኳ እውነቱን ነው፤ አልሄድም። ግን ስብሰባ ወድጄ አላውቅም። ልጆቹ ፒንግ ፖንግ ይወዳሉ፤ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ ማርክ ሌፐርና ሁለት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት አንድ ጥናት አለ። ሥዕል መሣል የሚወዱ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችን ለሦስት ከፈሏቸው። ለአንዱ ቡድን «ከሣላችሁ የምስክር ወረቀት ትሸለማላችሁ» ተባለ። ሁለተኛው ቡድን ሳይነገረው ሠርቶ ሲጨርስ ድንገት ተሸለመ። ለሦስተኛው ምንም የለም። ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ ቀለሙን ያለ ሽልማት አስቀመጡላቸው። ሽልማት ቃል የተገባላቸው ልጆች የሣሉበት ጊዜ ከሌሎቹ ግማሽ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ጨዋታው ሥራ ሆነባቸው፤ ደሞዝ ሲቀር ሥራም ቀረ።

ሁለተኛዋ «አድንቃቸው፤ ‹ጎበዝ ናችሁ፣ ጭንቅላት አላችሁ› በላቸው» አለች። ይሄም መልካም ይመስላል። ግን እ.ኤ.አ. በ1998 ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎችን ጥያቄ አሠሯቸውና አንዳንዶቹን «ብልህ ነህ»፣ አንዳንዶቹን «ጥሩ ለፍተሃል» አሏቸው። ከዚያ ከበድ ያለ ጥያቄ ሰጧቸው። ሁሉም ወደቁ። «ብልህ» የተባሉት ፍላጎታቸው ቀዘቀዘ፣ ቀጥሎ በተሰጣቸው ቀላል ጥያቄ እንኳ ከበፊቱ ባሰባቸው። ይባስ ብለው ውጤታቸውን ለሌላ ልጅ ሲጽፉ ከአስሩ አራት ያህሉ ዋሹ። ለምን አይዋሹ? ማሸነፍ ብልህነት ከተባለ መሸነፍ ደደብነት መሆኑ ነዋ! ደደብ ከመባል መቅረት ይሻላል።

ሦስተኛው ትልቅ ሰው ናቸው፤ በእኛ አገር «አያ» ብለን የምንጠራቸው ዓይነት። «ልጄ፣ ልጅ ያለ ቁንጥጫ መቼ ሰው ሲሆን አየህ?» አሉኝ። አያን በአክብሮት ሰማሁ እንጂ አልተከራከርኩም። ለእናንተ ግን ልንገራችሁ፤ የፒንግ ፖንግ ኳስ 2.7 ግራም ናት። እፍ ቢሏት የምትሄድ ነገር ናት። የፈራ ልጅ ክንዱ ይገተራል፣ በተገተረ ክንድ የተመታች ኳስ ደግሞ ወይ መረብ ውስጥ ናት ወይ ጎረቤት ጓሮ። በቁጣ ከባድ ነገር ማሸከም ይቻል ይሆናል፤ 2.7 ግራም ማስተካከል ግን አይቻልም።

ስለዚህ ለጓደኛዬ ይዤለት የሄድኩት መልስ ሳይሆን ጥያቄ ነበር። «የጠፉት እነማን ናቸው? መቼ መቼ ነው የሚጠፉት? እስቲ እንደ አስተማሪ ስም ጥራና መዝግብ» አልኩት። ሦስት ሳምንት መዘገበ። ከዚያ ሲደውልልኝ ድምፁ ሌላ ሆኗል።

አንደኛ፣ ልምምዱ ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ቅዳሜ የሚቀሩት ልጆች ሁሉም ማለት ይቻላል የገጠር ልጆች ናቸው። በገጠር ያደገ ሰው ይሄን ለማወቅ መዝገብ አያስፈልገውም። ሁለተኛ ደረጃ ለመማር ከተማ ገብቶ፣ ለሦስት ለአራት አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ተማሪ ዓርብ ከትምህርት ቤት እንደወጣ አገር ቤት ይሄዳል። ስንቅ ሊያመጣ! ዳቦው፣ ቆሎው፣ በሶው አልቋል። እግረ መንገዱን አባቱን በእርሻ ያግዛል፣ እሑድ ማታ ተሸክሞ ይመለሳል። እኛ ልጁን «ተነሳሽነት የለውም» ብለን ስናማው እሱ ስንቁን ተሸክሞ ዳገት ይወጣል።

ሁለተኛ፣ ሴቶቹ። ከተመዘገቡት ሴቶች ከወር በኋላ የቀሩት ሁለት ናቸው። ከትምህርት መልስ ያለው ሰዓት ለወንዱ የጨዋታ ሰዓት ነው፤ ለሴቷ ግን ውኃ የሚቀዳበት፣ ሽሮ የሚንተከተክበት ሰዓት ነው። ያም ሆኖ ሰርቃ ብትመጣ አስር ወንድ በተሰለፈበት ወረፋ ውስጥ ማን ገብቶ ይጋፋላታል?

ሦስተኛዎቹ የከተማ ልጆች ናቸው፤ ስንቅም ውኃም የማያስቸግራቸው። የጠፉት ግን ደካሞቹ ናቸው። ጓደኛዬ ክለቡን ሲመሠርት ሳያስበው የመንገዱን ሕግ ይዞት ገብቷል፤ የተሸነፈ ይውጣ። 13 ደቂቃ ለመጫወት ሁለት ሰዓት ከሚቆም ልጅ ምን ዓይነት ተነሳሽነት ነው የሚጠበቀው? ቆሞ ማየት ከሆነ ፕሪሚየር ሊግ በዲ.ኤስ.ቲ.ቪ. አለለት።

እንግዲህ መፍትሔው ይሄን ያህል የሚያስጨንቅ አልነበረም። ቅዳሜን ወደ ረቡዕ አዛወረው። ለሴቶቹ በትምህርት ቤቱ የምሳ ሰዓት አንድ ሰዓት ለየላቸው፤ ቤት ደርሰው ከተጠመዱ በኋላ እንደማይመለሱ ገብቶታል። ከዚያ ሕጉን ገለበጠው። ጨዋታ በማሸነፍ መሸነፍ መቆሙ ቀርቶ በሰዓት ሆነ፤ አምስት ደቂቃ ሲሞላ ሁለቱም ይወርዳሉ። ጎበዝና ደካማ ሲገናኙ ደካማው ከአምስት ነጥብ ይጀምራል፤ ይሄ በሠለጠኑት አገሮች ክለቦችም የተለመደ ነው። ያኔ ጎበዙም ማላብ ይጀምራል፣ ደካማውም «ለካ ይቻላል» ይላል።

ከሁሉ የወደድኩለት ግን የቆጠራውን ነገር ነው። ከልምምዱ በፊት ሁለት ሁለት ሆነው ኳሷን ሳይጥሉ ስንት ጊዜ እንደተቀባበሉ ይቆጥራሉ። እዚህ ላይ ማንም ማንንም አያሸንፍም። ኳሷን አስቸጋሪ አድርጎ የመታ ራሱንም ጓደኛውንም ይጎዳል። ቁጥሩ ከነስማቸው ግድግዳው ላይ በጠመኔ ይጻፋል። መጀመሪያ ሰሞን 8፣ 11፣ 14 ነበር። በኋላ 60 ገባ። 100 የገቡ ዕለት፣ የሰፈሩ ሰው ኳስ ጨዋታ ላይ ጎል የገባ መስሎት ነበር አለኝ። ከመቶዎቹ አንዷ በመጀመሪያው ሳምንት ኳሷን መንካት ያቃታት ልጅ ናት።

አንድ የመጨረሻ ነገር ጨመረ፤ ቁልፉን ለልጆቹ ሰጠ። በተራ ይይዙታል፣ ይከፍታሉ፣ ይጠርጋሉ፣ ኳስ ይቆጥራሉ። ይሄን ሲነግረኝ አንድ ያነበብኩት ነገር ትዝ አለኝ። የእንግሊዝ ቁጥር አንድ የነበረው ማቲው ሳይድ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተመው መጽሐፉ እንደሚተርከው፣ በ1980ዎቹ ሬዲንግ ከተማ ውስጥ እሱ ያደገበት አንድ መንገድና አካባቢው ከቀረው እንግሊዝ ሁሉ የበለጠ ምርጥ ተጫዋቾች አፈራ። ምስጢሩ የደም ጉዳይ አይደለም። ፒተር ቻርተርስ የሚባል የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ልጆቹን እየመለመለ ኦሜጋ የሚባል ክለብ ያስገባቸው ነበር፤ ክለቡ ደሳሳ ቤት ነው፣ ግን ለልጆቹ ቁልፍ ይሰጣቸዋል። በፈለጉት ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ከፍተው ይገባሉ። ይጁቤና ሬዲንግ በምን ይገናኛሉ ብትሉኝ በአስተማሪና በቁልፍ እላችኋለሁ።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም፤ በቆጂ አለች። አስተማሪው ስንታየሁ እሸቱ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለን፣ ጥሩነሽ ዲባባን በልጅነታቸው ያሠለጠነባት ትንሽ ከተማ። ሩጫ ለምን በእኛ አገር እንዲህ አፈራ ሲባል አየሩን፣ ከፍታውን፣ ጤፉን እናነሳለን። ይሁን፤ እኔ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ሩጫ ላይ የተሸነፈ ልጅ ከመንገዱ አይባረርም። አንደኛ የወጣው የሮጠውን ኪሎ ሜትር አርባኛ የወጣውም ሮጦታል። ሳንባው ሠርቷል፣ እግሩ ጠንክሯል፣ ነገም ከዚያው መንገድ ላይ ይገኛል። በፒንግ ፖንግ ግን ተሸናፊው ቆሞ ያያል። እንግዲህ ሯጭ እንጂ የጠረጴዛ ቴኒስ ተጫዋች አልበዛልንም ብለን ብንደነቅ በማን ይፈረዳል? አፍሪካዊ አይችልም እንዳይባል፣ ናይጄሪያዊው ቋድሪ አሩና እ.ኤ.አ. በ2016 የሪዮ ኦሎምፒክ ሩብ ፍጻሜ ደርሷል። ሰላም ያጣ አገር ልጅ አይችልም እንዳይባል፣ ሶርያዊቷ ሄንድ ዛዛ በ12 ዓመቷ እ.ኤ.አ. በ2021 ቶኪዮ ኦሎምፒክ ላይ ተሰልፋለች። በመጀመሪያ ግጥሚያዋ በ39 ዓመት ሴት 4 ለ 0 ተሸነፈች። ተሸነፈች፤ ግን ዓለም ስሟን የያዘው ከአሸናፊዋ ይልቅ የእሷን ነው።

ነገሬ የጠረጴዛዋ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ አበቃ ነበር። ግን የተሸነፈ ይውጣ የማንልበት ቦታ ካለ እስቲ አሳዩኝ። ልጃችን ከትምህርት ቤት ሲመጣ «ምን ተማርክ?» አንለውም፤ «ስንተኛ ወጣህ?» ነው የምንለው። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ከ840 ሺህ በላይ ተማሪዎች ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ናቸው። ከመቶው ወደ 97 የሚሆነው ልጅ ራኬቱን አስረክቦ ወጣ ማለት ነው። «ሪሜዲያል» የሚባለው መጥቶ ጥቂቱን ባይመልስ ኖሮ ወረፋው ጭራ ላይ እንኳ የሚቆምበት አልነበረውም። ይሄ ሁሉ ልጅ ወዴት ይሂድ? ፖለቲካችንም ቢሆን… ተውኩት! እሱ ሌላ ጠረጴዛ ነው።

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ክልሉ ውስጥ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከዚያ ወዲህ የሆነውን ታውቁታላችሁ። ምሥራቅ ጎጃምን ጨምሮ በክልሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከረሙ። የጓደኛዬም ስልክ የሚሠራበት ቀን ከማይሠራበት ያነሰበት ጊዜ ነበር። ደውዬ ያገኘሁት ዕለት ስለ ሰዉ ሁሉ ከጠየቅሁ በኋላ አፍሬ አፍሬ ስለ ክለቡ ጠየቅሁት። በዚህ ጊዜ ስለ ፒንግ ፖንግ ይጠየቃል?

«ክለብ የለም» አለኝ። «እኔ ከሄድኩ ወራት አልፎኛል። ልጆቹም ተበትነዋል፤ አንዳንዶቹ አዲስ አበባ ገቡ፣ አንዳንዶቹ አገር ቤት ናቸው፣ የአንዳንዶቹን አላውቅም።» ዝም አልኩ። «ግን» አለና ቀጠለ፤ «ቁልፉን የመለሰልኝ የለም። ፀጥ ባለ ቀን የቀሩት ከፍተው ይገባሉ አሉ። ኳስ አልቆባቸው የተሰነጠቀችውን በፕላስተር አሽገው ነው የሚቆጥሩት።»

ቀደም ሲል «ምን ባደርጋቸው ነው የሚነቃቁት?» ያለኝ ሰው ነው እንግዲህ። አሠልጣኝ የለም፣ ዋንጫ የለም፣ «ጎበዝ» የሚል የለም፣ የሚቆነጥጥም የለም። ልጆቹ ግን ይመጣሉ። ቀድሞም ፍላጎት አጥተው አልነበረም፤ እኛ ስናስወጣቸው ነበር የሚወጡት።

ሰላም ሲወርድ፣ ይወርዳል ብዬ አምናለሁ፣ ለወጣቶች እየተባለ በጀት መመደቡ አይቀርም። ያኔ በየወረዳው ያላችሁ የስፖርት ሰዎች፣ አደራ፤ ሪባን የሚቆረጥበትና ዋንጫ የሚሰጥበት ቀን ከማዘጋጀታችሁ በፊት የዋንጫውን ዋጋ ጠይቁና በዚያ ገንዘብ ስንት ኳስ እንደሚገዛ አስሉት። ዋንጫው ለአንድ ልጅ ነው። ኳሱ ተሸንፎ ለሚቆየውም ይደርሳል።